ኮሌታው ይተርተር

የካቲት 12

ለጉንዳን፣

ሰላምታዬ ይቆይና መጀመሪያ ልቆጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ ከርሜ፣ የአትክልት መኪናው ሾፌር «ደብዳቤ ይዣለሁ» ብሎ በር ሲያንኳኳ የምሰፋውን ጥዬ ነው ሮጬ የወጣሁት። ስከፍተው ስምንት መስመር! አንዱ «እንዴት ናችሁ»፣ አንዱ «እኔ ደህና ነኝ»፣ የቀሩት ስድስቱ ስለ ጃኬትሽ እጅጌ። እማዬ «ምን አለች?» ስትለኝ «እጅጌ አለች» ልበላት? «ሁላችንንም ስማናለች» ብዬ ዋሸሁልሽ። የውሸቱ ተጠያቂ አንቺ ነሽ።

ስልካችሁን ሰብስበው ሳጥን ውስጥ ከቆለፉባችሁ ወዲህ ያለን ወረቀት ብቻ ነው፣ አትሰስቺበት።

ጃኬቱ ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ እጅጌው ስንት ያጥራል ነው ያልሽኝ። አያጥርም። የጁዶው ጨርቅ፣ ያ ሩዝ የተበተነበት የሚመስለው ወፍራም ጥጥ፣ በመጀመሪያው እጥበት ሦስት ጣት ያህል ይሰበሰባል። ይህን ስለማውቅ ያንቺን ከመቅደዴ በፊት ሁለት ቀን ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ አድርቄ፣ እንደገና ዘፍዝፌ ነው መቀስ ያስነካሁት። ለክቼሽም ነበር። ወጥ ቤቱ በር ላይ አቁሜሽ፣ ሁለቱን ክንድሽን ወደ ፊት አስዘርግቼሽ፣ «ደከመኝ» እያልሽ ስትነጫነጪ፣ እጅጌው የእጅሽ አንጓ ላይ ልክ ደርሶ ነበር። ክንድሽ ካላደገ በስተቀር ያው ነው። በሃያ ዓመቱ ክንዱ የሚያድግ ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ እንጂ ሰፊ አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ ሁሉም እንደነበረ ነው። ሃያ ሴቶች፣ ሃያ መኪና፣ አንድ የማይዘጋ ሬዲዮ። ከምንሰፋው ግማሹ የሚሄደው ወደናንተው ማዕከል ስለሆነ ጓደኞችሽ ሁሉ የኔን እጅ ለብሰዋል ማለት ነው። አሁንም ኮሌታ ላይ ነው ያስቀመጡኝ። የካራቴውን ልብስ አዲስ ገቢም ይሰፋዋል፤ ስስ ነው፣ እጅ ሲወነጨፍ ጧ እንዲል ብቻ ነው የሚፈለገው። የጁዶ ኮሌታ ግን መርፌ ይሰብራል። ሌላው ልብስ ሁሉ ገላ ለመሸፈን ይሰፋል፣ ይኼኛው ግን ባላጋራሽ ጨብጦ እንዲጎትተው ነው የሚሰፋ። አሥራ አንድ ዓመት ሰፍቼው ዛሬም ይገርመኛል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ሰው ዝም ብሎ አይጠይቅም። ማን ነው የለካሽ?

እማዬ ጆሮዋ ብሶበታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። ጉንዳን ያለችሽ አንዴ ከነከስሽ ስለማትለቂ መሆኑን ለአዲሷ ጎረቤታችን ትናንት ለአራተኛ ጊዜ አስረዳቻት።

እህትሽ


የካቲት 19

እትዬ፣

ይቅርታ። ዛሬ ወረቀቱን በፊትም በጀርባም እሞላዋለሁ።

ክፍላችን አራት አልጋ አለው። መስኮቱ ስለማይገጥም ስንጥቁን በጋዜጣ ጠቅጥቀነዋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንሮጣለን፣ ሁለት ሰዓት ምንጣፍ ላይ እንወጣለን። ቀኝ እጄ ላይ ሦስት ጥፍር ተነቅሏል፣ ኮሌታ በመያዝ ብዛት ነው፣ ለሁላችንም ያው ነው። እግሬ ደህና ነው። እበላለሁ። ይኼን ለእማዬ አንብቢላት፤ የሚቀጥለውን ግን ለራስሽ።

ማን ለካሽ ብለሻል። ባለፊሽካው ነው፣ ዋናው አሰልጣኛችን። ፊሽካውን ምግብ ቤት እንኳ ከአንገቱ አያወልቅም። ከአሥር ቀን በፊት ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋው።

«መጋቢት ሃያ ማጣሪያ ነው» አለኝ። «በናንተ ኪሎ አንድ ሰው ነው ወደ ውጭ የሚሄደው። አንቺና ሸንበቆ ትገናኛላችሁ።»

ሸንበቆ ያልኩሽ ረጅሟ ልጅ ናት። አንድ ኪሎ ሆነን እሷ ከኔ በአንድ ጭንቅላት ትበልጣለች።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እሷ ብትሄድ ይሻላል። ስሟ ተልኳል፣ ጉዳዩ አልቋል። አንቺ ልጅ ነሽ። ብዙ አትግፊ። የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው።»

እትዬ፣ መጀመሪያ አልገባኝም። በቁጠባ ተለማመጂ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ሲገባኝ ፊቴ ጋለ።

«እዚህ ስመጣ መጀመሪያ ያስተማራችሁኝ መውደቅ ነው» አልኩት። «ሆን ብሎ መውደቅን ግን አላስተማራችሁኝም። አልችልበትም።»

በሁለተኛው ቀን ሁላችንንም አሰልፎ ልብስ ሊለካ ሜትር ይዞ መጣ። ከአሥራ አራታችን የኔ እጅጌ ብቻ አጠረ። «በሁለት ጣት» አለ። ለዚህ ነበር የጠየቅሁሽ። መልስሽ ሲደርሰኝ ይዤው ሄድኩና በሁሉም ፊት ክንዴን ዘርግቼ «ይኸው አንጓዬ» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። መሳቃቸው ጎዳኝ መሰለኝ፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ ኮሌታዬን በሁለት ጣቱ ጨምቆ፣ «ችግሩ እጅጌው አይደለም፣ ይኼ ነው» አለ። «ውስጡ ማጠንከሪያ ገብቶበታል። ተጋጣሚ እንዳይጨብጠው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ማጭበርበር ነው።» ጃኬቴን እዚያው አስወልቆ ቢሮው ውስጥ ቆለፈበት።

አሁን ከዕቃ ቤት ባለቤት የሌለው አሮጌ ጃኬት ለብሼ ነው የምለማመደው። ብብቱ ተቀዷል፣ ማን እንዳላበበት አላውቅም፣ የስንቱ ላብ እንዳለበት ግን አፍንጫዬ ያውቃል። ይሁን። በእሱም ቢሆን ትናንት ሦስት ሰው ጥያለሁ።

አሁን የምጠይቅሽን ስታነቢ እባክሽ አትቀየሚኝ። ሌት ተቀን ስለሚደጋግሙት ራሴን ተጠራጠርኩ። ኮሌታው ውስጥ የጨመርሽው ነገር አለ? ለኔ ብለሽ፣ እኔን ለመርዳት ብለሽ? ካለ ንገሪኝ፣ እኔው እወጣዋለሁ።

ጉንዳን


የካቲት 26

ለታናሼ፣

ተቀይሜ ነበር። ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከትቼ፣ አንድ ቀን ሙሉ በሆዴ ስሰድብሽ ዋልኩ። አሁን ግን አልፎልኛል። መጠየቅሽ ልክ ነው። ዝም ብለሽ በልብሽ ብትጠረጥሪኝ ኖሮ ነበር የማልምርሽ።

መልሴ ይኸው። ኮሌታው ውስጥ ያለው ራሱ ጥጡ ነው፣ አራት እጥፍ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ። ከላይ እስከ ታች ስድስት መስመር ስፌት ተሰፍቶበታል። ሌላ ነገር የለውም። ፕላስቲክ የለ፣ ሙጫ የለ፣ የእህት ፍቅር እንኳ አልጨመርኩበትም፣ ቦታ የለውማ። የሚጠነክረው ስፌቱ ተቀራርቦ ስለተሰፋ ነው። እጄ ደህና ስለሆነ ይቅርታ አልጠይቅም።

አንቺም አትጠይቂ። «ሳላውቅ ነው» አትበይ። «እህቴ ተሳስታ ይሆናል» አትበይ። ሰው ያላጠፋውን ይቅርታ ከጠየቀ ጥፋቱን በገዛ እጁ ፈረመ ማለት ነው።

ይልቅ እንዲህ በያቸው፦ ኮሌታው ይተርተር። የሰፋችው ፈቅዳለች በያቸው። ግን ተዘግቶ በቢሮ ውስጥ አይደለም፣ ሰው ባለበት፣ አንቺ ቆመሽ እያየሽ። ከታች ጫፍ ይጀምሩ፣ በምላጭ ሳይሆን በመተርተሪያ፣ ክር በክር። ውስጡን ያሳዩሽ። አራት እጥፍ ጥጥ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያፍረው ይፈር።

ሥራ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት፣ አሁን መስኮቱ ሥር ሆና ምስር እየለቀመች ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሚገባው ፀሐይ ወረቀቱ ላይ አርፎ ዓይኔን ስለወጋኝ ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

እህትሽ


መጋቢት 6

እትዬ፣

ተረተሩት ወይ ብለሽ ከሆነ፣ አልተረተሩትም። እንዳልሽው በሁሉም ፊት ጠየቅሁ። ባለፊሽካው ሳቀ። «መተርተር አያስፈልግም» አለ። «ከስፌት ቤቱ ወረቀት እየመጣ ነው። ሰፊዋ ራሷ ታምናለች።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እህትሽ ካንቺ የተሻለ አስተዋይ ናት» አለኝ።

እትዬ፣ ደብዳቤሽን መልሼ መላልሼ አነበብኩት። በሥራ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤት ምን ትሠሪያለሽ? እማዬ ምስር ስትለቅም የምታያት እሁድ ብቻ ነበር። የካቲት ሃያ ስድስት እሁድ አይደለም፣ ግድግዳው ላይ ካለው ቀን መቁጠሪያ አየሁት። ሾፌሩንም ጠየቅሁት። እሱ ደግሞ መዋሸት አይችልበትም፣ ኮፍያውን አውልቆ አከከና «እኔ እንጃ፣ ስፌት ቤት ሄጄ አጣኋት፣ ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የማደርስላት» አለኝ።

ምን ደበቅሽኝ? ፈርመሽ ነው? ብትፈርሚ እንኳ አልጠላሽም። ግን ከሌላ አፍ አልስማው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ደስ ይበልሽ። ትናንት ልብስ ማስጫው ጋ ሸንበቆ መጣች። ከዚያ በፊት ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም። የታጠፈ ጃኬት ይዛለች።

«ትርፍ ነው። ውሰጂው» አለችኝ። «በዚያ በተቀደደ ጨርቅ ማጣሪያ አያስገቡሽም።»

«ለምንድን ነው የምትሰጪኝ?»

«ባለፊሽካው ጠርቶ 'አትጨነቂ፣ ተስተካክሏል' አለኝ። ምኑ እንደተስተካከለ አልገባኝም ነበር። ጃኬትሽን ሲወስድ ገባኝ።» ቆጣ ብላለች፣ ግን በኔ አይደለም። «እኔ አንቺን ለመጣል ስድስት ወር ለፍቻለሁ። በቪዲዮ አይቼሻለሁ፣ በግራሽ ስትገቢ እንዴት እንደሆነ አጥንቻለሁ። ይኼን ሁሉ ለፍቼ እንደ ምጽዋት ሊሰጠኝ ነው? በልብስሽ ነይ። አለበለዚያ እኔም ምንጣፍ አልወጣም።»

ለበስኩት። እጅጌው ከአንጓዬ አልፎ መዳፌ ላይ ወረደ።

«ይረዝምብኛል» አልኳት። «የምትጨብጪው በዛልሽ።»

«አስቤዋለሁ» አለች፣ ሳትስቅ።

እትዬ፣ ወደድኳት። ልጥላትም ፈለግሁ።

መልስሽን ቶሎ። ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

ጉንዳን


መጋቢት 11

ለጉንዳን፣

ያዝሽኝ። ቀን መቁጠሪያ ታይብኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አልፈረምኩም። የሚቀጥለውን ልብሽ አርፎ እንድታነቢው ይኼን ላስቀድም ብዬ ነው።

የካቲት ሃያ አራት የስፌት ቤቱ ባለቤት ጠራችኝ። ታውቂያታለሽ፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ፈሪ ናት። ከማዕከሉ የመጣ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እስክሪብቶ አቀበለችኝ። «በእህቴ ጥያቄ በኮሌታው ውስጥ ማጠንከሪያ አስገብቻለሁ» ይላል። ስሜ ተጽፎ አልቋል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

«አንድ ፊርማ ናት» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ትታገዳለች፣ ልጅ ናት፣ ትመለሳለች። ማዕከሉ ሥራውን ቢነሳን ግን የሃያ ሴት ጉሮሮ ይዘጋል።»

«ያንን ጃኬት ከዚህ ሲወጣ የመረመርሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። «ምን ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበትም።»

«እሱን ጻፊላቸዋ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዘንኩላት፣ እውነቴን ነው። ግን ስላዘንኩላት አንቺን አልሸጥም። መቀሴንና የጣት ቆቤን አንስቼ ወጣሁ። መኪኖቹ ሁሉ ቆመው ነበር፣ ሬዲዮው ብቻ ይለፈልፋል። ከሃያዋ አንዷም ተቀመጪ አላለችኝም፣ አንዷም ውጪ አላለችኝም። አልፈርድባቸውም፤ እያንዳንዷ ቤቷ የሚጠብቃት አፍ አላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ለአንድ ሆቴል መጋረጃ እየዘመዘምኩ ነው። እማዬን ዕረፍት ሰጡኝ ብያታለሁ።

አሁን ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ያ ሰውዬ «የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው» አለኝ ብለሽ ስትጽፊ ወረቀቱ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኔም ጁዶ በምታገልበት ጊዜ ያሉኝ ይኼንኑ ነው። አሰልጣኙ ሌላ ነበር፣ ቃሉ ግን አንድ ፊደል አልተቀየረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሺ አልኩ። ወደቅሁ። እንዴት አምሮብኝ እንደወደቅሁ ብታዪ፣ ሰው አጨበጨበልኝ። የሚመጣው ዓመት ሲመጣ የሌላ ሴት ሆኖ ተገኘ።

ጉልበቷ ተጎድቶ ነው የተወችው ሲባል ነው ያደግሽው። ጉልበቴ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። እማዬ ለምን ተውሽው እንዳትለኝ አንድ ወር አነከስኩ። አንዳንዴ የቱ እግር እንደሆነ ይጠፋኝና በሌላው አነክስ ነበር። ያወቅሽብኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ «እትዬ፣ ትናንት እኮ በዚያኛው ነበር» አልሽኝ። በከረሜላ ነው አፍሽን ያስያዝኩሽ።

ከዚያ በኋላ ጃኬቱን እንደገና ልልበሰው ስላልቻልኩ ልሰፋው ገባሁ። ለዚህ ነው ያን ወረቀት ለመፈረም እጄ ያልታዘዘልኝ። አንዴ ወድቄላቸዋለሁ፤ ይበቃቸዋል።

ሃያኛው ቀን እመጣለሁ። ሾፌሩን ለምኜዋለሁ። የሚተረትር ከጠፋ የሰፋችው ትተረትረዋለች።

እህትሽ


መጋቢት 21

ለጉንዳን፣

ሳላገኝሽ መመለሴ ቅር እንዳይልሽ እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ። እናንተ ተወዳዳሪዎቹ እስኪያልቅ ድረስ በር ተዘግቶባችሁ ነበር፣ እማዬን ደግሞ ለጎረቤት የተውኳት እስከ ቀትር ብቻ ነው።

በሩ ላይ ዘበኛው ስም ዝርዝር አወጣ። የኔ ስም አለ፣ ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። «አትገቢም» አለኝ። «እሺ» ብዬ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «እዚያም መቀመጥ አይቻልም።» «ታዲያ አስነሳኛ» አልኩት። የሚያስነሳኝ መስሎኝ ነበር። ራሱን ነቀነቀና ጋዜጣውን ገለጠ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሴት ቦርሳ ይዛ መጣች። ዳኛ ናት፣ ኮቷ ላይ ምልክቱን አየሁት። «ይቺ ማን ናት?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው። ቀድሜ መለስኩ። «የኮሌታው ሰፊ ነኝ። ልተረትረው መጥቻለሁ።» ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። «ስለ እሱ ነገር የደረሰን በጽሑፍ ነው፣ ሰፊዋ አምናለች ተብሎ» አለች። «የፈረምኩትን ያሳዩሽ» አልኳት። እጄን ይዛ አስገባችኝ።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል፣ የናንተ ሰውዬ ቆሟል። ፊሽካው እውነትም አንገቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ወጣ። ፊርማ የለበትም። «ልታመጣው ነበር…» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ ጃኬትሽን አመጡት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከታች ጫፍ ጀመርኩ። የገዛ ስፌትን መተርተር ክፉ ነገር ነው፣ ስድስቱንም መስመር ሳወጣ እያንዳንዱን መቼ እንደሰፋሁት አስታወስኩ። ሲያልቅ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ሽበቷ ዳኛ ጣቷን አስገብታ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጥጥ ነው» አለች።

ሰውዬው፣ «ሙጫ ሊሆን ይችላል፣ ታጥቦ የለቀቀ» አለ።

«የለቀቀ ሙጫ ማንን ይጎዳል?» አለችው። ሌላው ዳኛ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ባዕድ ነገር አልተገኘም» ብለው ጻፉ። ማኅተም ይደረግበት አልኩ፣ ተደረገ። ለኔም አንድ ይሰጠኝ አልኩ፣ ተሰጠኝ። መልሼ ልሰፋው ብል መኪና የለም፣ ውድድሩ ሊጀመር ነው። እንደተከፈተ ተውኩልሽ፣ ይቅርታ።

ስወጣ በአዳራሹ ጎን አለፍኩ። በግድግዳው በኩል የሰው መውደቅ ሰማሁ፣ ያ ምንጣፉን የሚያስጮኸው ድምፅ። አንቺ ትሁኚ ሌላ አላወቅሁም። ሾፌሩ፣ «ገብተን ውጤቱን እንጠይቅ?» አለኝ። «ራሷ ትጽፍልኛለች» አልኩት።

ጻፊልኝ።

እህትሽ


መጋቢት 22

እትዬ፣

መምጣትሽን የነገረችኝ ሽበቷ ዳኛ ናት። ጃኬቴን ኮሌታው እንደተንጠለጠለ አምጥታ ሰጠችኝና፣ «እህትሽ ጥሩ ሰፊ ናት፣ ክፉ ጠበቃ ናት» አለችኝ። ሊለበስ ስለማይችል አልጋዬ ላይ ዘርግቼው በሸንበቆ ትርፍ ጃኬት ወጣሁ።

እንዳልደብቅሽ፦ ተሸነፍኩ።

አራቱም ደቂቃ አለቀ፣ ማንም ማንንም አልጣለም። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠን። እጄ ዝሎ ጣቴ አልታጠፍ አለኝ። ሁለቴ በግራ ገባሁ፣ ሁለቴም ቀድማ ዘጋችብኝ፣ እውነትም አጥንታኛለች። በሦስተኛው ተሳክቶልኝ ከምንጣፉ አነሳኋት፣ እግሯ አየር ላይ ነበር፣ አለቀ ብዬ ነበር። በዚያው ቅጽበት ያንን የረዘመ እጅጌ ጫፉን ይዛ ጠመዘዘችውና አብረን ስንዞር ከታች የተገኘሁት እኔ ነኝ። ጀርባዬ ሙሉ በሙሉ መሬት ነካ። ዳኛው እጁን አነሳ።

ሸንበቆ እጇን ሰጥታ አስነሳችኝ። ጎንበስ ብለን ስንሰናበት «በእጅጌው ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «በእጅሽ ነው» አልኳት።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በደንብ አለቀስኩ። ግን እትዬ፣ ያለቀስኩት ስለተሸነፍኩ ብቻ ነበር፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ይቀላል።

ስወጣ ባለፊሽካው ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አየሽ፣ ያው ነው» አለኝ። «እሷው ናት የምትሄደው። ይኼን ሁሉ ግርግር በከንቱ አመጣሽው።»

«ያው አይደለም» አልኩት። «እኔ አልሰጠኋትም። እሷ ናት የወሰደችው።»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወረቀት አቀረበልኝ። ለቤተሰባችን ወረቀት የሚያቀርብ ሰው አልጠፋም። «ማዕከሉን በማወኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል፤ ካልፈረምሽ ዕቃሽን ሰብስቢ ተባልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «እሰበስባለሁ፣ ግን የምባረርበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ፣ ማኅተም ይኑረው» አልኩ። ወደ ጸሐፊዋ ላከኝ፤ ጸሐፊዋ ወደ ምክትሉ ላከችኝ፤ ምክትሉ የዳኞቹን ወረቀት አይቷል መሰለኝ «እኔ አልጽፍም» አለ። የሚጽፍ ደፋር ጠፋ። ስለዚህ አልሄድኩም። ምሳዬን በላሁ፣ ከሰዓት በኋላም ምንጣፍ ላይ ወጣሁ። ማንም አላስወረደኝም።

ተሸንፌ በመጻፌ ታፍሪብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። ታፍሪያለሽ?

ጉንዳን


ሚያዝያ 9

ለጉንዳን፣

ደብዳቤሽን ለእማዬ ጮክ ብዬ፣ ጆሮዋ ሥር ሆኜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት፤ ጎረቤቱም ሁሉ ሰማው። «ተሸነፍኩ» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም። ጥያቄሽ መልሱን አገኘ?

የኔንም ነገርኳት፣ የስፌት ቤቱንም የጉልበቴንም። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «በሁለቱም እግሯ ተራ በተራ የምታነክስ ሴት ሌላ የት አይቼ አውቃለሁ?» አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታውቅ ኖሯል። ለምን አልጠየቅሽኝም ብላት፣ «እስክትነግሪኝ ስጠብቅ» አለችኝ። ከዚያ በላይ አላወራንበትም። ምስሩን አብረን ለቀምን።

ያለፈው ሳምንት የስፌት ቤቱ ባለቤት ቤት ድረስ መጣች። ማዕከሉ ሥራውን አልነሳም፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካለ በኋላ ምን ብሎ ይነሳል? ተመለሺ አለችኝ። ያንን ወረቀት ያስቀመጠችልኝ በሴቶቹ ፊት ስለሆነ፣ በነሱው ፊት ትቅደደው አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ጓደኞቼ እየሮጡ መጥተው፣ ቀደደችው አሉኝ፤ ሬዲዮውን ዘግታ፣ አራት ቦታ። አመሰግናለሁ በሉልኝ አልኩ። ተመልሼ ግን አልገባም። ሽበቷ ዳኛ ለራሷ ክበብ ልጆች ስድስት ጃኬት እንድሰፋላት ልካብኛለች፣ ሳሎናችን በነጭ ጥጥ ተሞልቷል። ያንቺም ኮሌታ ተሰፍቶ አልቋል፣ ሾፌሩ ያመጣልሻል። ስድስት መስመር የነበረው አሁን ሰባት ሆኗል፤ የፈለገ ይለካው።

ሸንበቆ ሦስተኛ ወጣች የሚለውን ዜና ጋዜጣ ላይ አየሁት። ፎቶዋን ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ስትመለስ በእጅጌ እንዳትይዝሽ ቀኝ እጅሽን አስቢበት።

ያ ወሬኛ ሾፌር ጠረጴዛው ላይ ሰባተኛ ጃኬት አይቶ ነግሮሻል፣ አንቺም የማን ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ትከሻው ላንቺ ይሰፋል፣ ለክበቡ ልጆች ደግሞ ድንኳን ይሆናል። የኔ ነው። የገዛ ራሴን ክንድ ራሴ ለመለካት ስታገል እማዬ ሜትሩን ያዘችልኝ።

ማክሰኞ ጀመርኩ። እዚህ ታች ያለው አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው የሚያፈሰው። ከተማሪዎቹ ሁሉ ትልቋ እኔ ነኝ፣ ከአስተማሪውም ጭምር። ቀበቶዬን ሳስር ቋጠሮው ጠፍቶኝ ሁለቴ ፈታሁት። አስተማሪው በትሕትና ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ለጤና ነው ወይስ ለውድድር?» አለኝ። «ሰው ለመጣል ነው» አልኩት።

ከአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጋር አጋጠመኝ። ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነች፣ ዓይን አፋር። አክብራኝ ኮሌታዬን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች፣ እንደ ሰው ዕቃ። «በደንብ ያዢው» አልኳት። ያዘችው። ከዚያ ምን እንዳደረገች አላየሁም፣ ጣሪያውን ብቻ ነው ያየሁት። ልጅቷ ደንግጣ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ጎዳሁዎት?» ትላለች።

ተነሳሁ፣ ጃኬቴን ወደ ቀበቶዬ ሰብስቤ አስተካከልኩና «ነይ፣ ደግመሽ ያዢ» አልኳት።

እህትሽ